በዘጠነኛው ወር፦ በሜሪላንድ የሌሊት ሥራ ለሚሠሩ አንዲት ነርስ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ልጄ ጋር በዲቪ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ደሴ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። እዚህ ለጊዜው ብዬ በሳምንት አምስት ሌሊት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በረዳትነት፣ በሰዓት 20 ዶላር እየተከፈለኝ እሠራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ፣ ይህም ለጊዜው ነው፣ በነዳጅ ማደያ ሱቅ በሰዓት 18 ዶላር ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። የአውቶቡሱ መንገድ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ የምተኛው አምስት ሰዓት ነው። አገር ቤት መምህር የነበረው ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፤ የምንገናኘው በር ላይ ነው። አለቃዬ በግምገማ ላይ ‹ሥራሽ ጥሩ ነው፣ ግን አትናገሪም› አለችኝ። ቤተሰብ በየወሩ 500 ዶላር ይጠብቃል። የገናን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ሳለቅስ አደርኩ። ሰው ሁሉ ለምዶ የሚኖርበትን አገር እኔን መልመድ ለምን አቃተኝ? ወይስ ብመለስ ይሻላል?»

እኅቴ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ አዲስ የሚገቡ ቤተሰቦችን በማማከር ሥራ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። «መልመድ አቃተኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሜ ወረቀትና እርሳስ አወጣና የሰውየውን ሳምንት እቆጥራለሁ። የእርስዎንም በጻፉልኝ መሠረት ቆጥሬዋለሁ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በመጦሪያው 40፣ በሱቁ 16፣ በድምሩ 56 ሰዓት ይሠራሉ። መንገዱ በሳምንት 14 ሰዓት ይወስዳል። እንቅልፍዎ 35 ሰዓት ነው። ባለቤትዎ ከሰዓት በኋላ ለሥራ ሲወጡ ልጅዎን ብቻዎን የሚይዙበት ጊዜ በአምስቱ ቀናት ወደ 40 ሰዓት ይጠጋል። የሚቀረው 23 ሰዓት ነው። በዚህች ውስጥ ምግብ ይበስላል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ገበያ ይኬዳል፣ አገር ቤት ይደወላል፣ ይጸለያል። አዲስ አገር መልመድ ራሱን የቻለ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚሆን አንድም ሰዓት አልተረፈዎትም።

በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ጊዜ የገባ አንድ ቃል አለ፤ «ለጊዜው» የሚለው። እኔም ይህን ቃል አውቀዋለሁ። በመጣሁበት ዓመት በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ሆኜ ስቀጠር «ለጊዜው ነው» ብዬ ነበር፤ አራት ዓመት ተኩል ተቀመጥኩ። አብረውኝ የነበሩ፣ አገር ቤት በሒሳብ ሹምነት ያገለገሉ አንድ ትልቅ ሰው እኔ ስለቅ እዚያው ነበሩ፤ እሳቸውም «ለጊዜው» ይሉ ነበር። ሥራው እንጀራ ነውና አያሳፍርም። የሚጎዳው ግን የማብቂያ ቀን ያልተጻፈለት «ለጊዜው» ነው፤ ምክንያቱም ሰው የሚኖረውን ኑሮ እንደ ኑሮ እንዳይቆጥረው ያደርገዋል። መጋረጃ አይሰቅልም፣ ጎረቤቱን አይተዋወቅም፣ የባልደረቦቹን ስም አይይዝም፤ ሁሉም ነገር «ሲስተካከል» ይደረሳል ተብሎ ይተዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ለሁለቱም ሥራዎችዎ የማብቂያ ቀን ስለ መጻፍ ነው።

በዘጠነኛው ወር ላይ መጻፍዎ አላስገረመኝም። ስቬሬ ሊስጎር የተባለ ኖርዌያዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት፣ በፉልብራይት የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ ሄደው የተመለሱ 200 ያህል የአገሩን ሰዎች ጠይቆ፣ ከስድስት ወር በታች የቆዩትና ከ18 ወር በላይ የቆዩት በደህና ሲላመዱ በመካከል ያሉት ግን የባሰ መቸገራቸውን ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህን ሥዕል ተችተውታል፤ ብዙ ሰው ገና ሲገባም ደስታ አያገኝም ብለዋል፤ በእኔ ልምድም ትችታቸው ትክክል ነው። የሊስጎር ሰዎች የሚበሉት የተመደበላቸው፣ ከኋላቸው ብር የሚጠብቅ ቤተሰብ የሌላቸው ምሁራን ነበሩ። ሆኖም ከስድስተኛው ወር በኋላ ያለው ጊዜ መክበዱን በየዓመቱ አያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሶሻል ሴኩሪቲ፣ መታወቂያ፣ አፓርትመንት እየተባለ በሩጫ ያልፋሉ፤ ሰው ዙሪያውን የሚያየው ሩጫው ሲቆም ነው። በእርስዎ ላይ ደግሞ ክረምቱ ተጨምሯል። ደሴ ላይ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ እዚህ በዲሴምበር መጨረሻ የቀኑ ብርሃን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ እርስዎ ደግሞ ያንኑ ብርሃን ተኝተው ያሳልፉታል። ጠዋት ከሥራ ሲወጡ ሳይሆን ተኝተው ከሰዓት በኋላ ሲነሡ ልጅዎን ይዘው ግማሽ ሰዓት ደጅ ይሁኑ፤ ለሐኪምም ሲቀርቡ የቫይታሚን ዲ መጠንዎ እንዲታይ ይጠይቁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልግባ፤ ሰዓት የሚገኘው ከዚያ ነውና። በሱቁ ቅዳሜና እሑድ ሠርተው የሚያገኙት ከታክስ በፊት 288 ዶላር ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር፣ ማለትም ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና፣ 7.65 በመቶ፣ ቀጥሎም የፌዴራሉ፣ የሜሪላንድና የሞንጎመሪ ካውንቲ የገቢ ግብር ሲነሣለት እጅዎ የሚገባው ወደ 210 ዶላር ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ባለው የፌዴራል የሥራ ሕግ መሠረት በአንድ ቀጣሪ ዘንድ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ይታሰባል፤ በሁለት ቀጣሪ ዘንድ የተሠራ ሰዓት ግን አይደመርም። ስለዚህ እርስዎ በሳምንት 56 ሰዓት እየሠሩ አንድም የኦቨርታይም ሰዓት የለዎትም። በመጦሪያው አንድ ተጨማሪ ሌሊት ቢወስዱ ግን ስምንቱ ሰዓት በ30 ዶላር ተሰልቶ 240 ዶላር ይሆናል። ይህ በሱቁ በሁለት ቀን ከሚያገኙት በ48 ዶላር ብቻ ያንሳል፤ የሚፈጀውም ግማሹን ሰዓት ነው። በየሳምንቱ ስድስት ሌሊት መሥራት ሰውነት አይችለውም፣ አልመክርምም። ሱቁን ትተው በወር ሦስት ተጨማሪ ሌሊት ብቻ ቢወስዱ በወሩ መጨረሻ የሚጎድልብዎ ከታክስ በኋላ ከ400 ዶላር ያነሰ ነው፤ የሚመለስልዎ ደግሞ መንገዱ ተጨምሮ 55 ሰዓት ያህል ነው። መጦሪያው ለሌሊትና ለቅዳሜና እሑድ ሺፍት የሰዓት ጭማሪ ይከፍል እንደሆነም ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይከፍላሉ፣ ያልጠየቀ ግን አይነገረውም። ሱቁን ሲለቁ እንደ አገሩ ልማድ ከሁለት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ፤ አንድ ቀን የሥራ ምስክር ሊያስፈልግዎ ይችላል።

ስለ ባለቤትዎ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፤ ይህ ሳይነገራቸው ቀርቶ ኤፕሪል ላይ የደነገጡ ቤተሰቦችን ስላየሁ ነው። የኡበር አሽከርካሪ በሕግ ዓይን የራሱ ሥራ ያለው ሰው ነው፤ ከሚከፈለው ላይ ማንም ግብር አይቀንስለትም። ከተጣራ ትርፉ ላይ 15.3 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር፣ ከዚያም በላይ የገቢ ግብር ይጠበቅበታል፤ ክፍያውም በዓመት አራት ጊዜ እየተገመተ እንዲገባ ይፈለጋል። ከእያንዳንዱ ሳምንት ገቢ ላይ የተወሰነውን በሌላ ሒሳብ ያስቀምጡ፤ ለሥራ የነዱትንም ማይል በየቀኑ ይመዝግቡ። ለ2025 የግብር ዓመት እያንዳንዱ የሥራ ማይል ከገቢው ላይ 70 ሳንቲም ያስቀንሳልና ያልተመዘገበ ማይል የጠፋ ገንዘብ ነው።

ወደ አገር ቤት ስለሚላከው 500 ዶላር የምናገረው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። በሁለተኛው ዓመቴ የእኅቴ ሠርግ ሲደርስ የምልከው ስለሌለኝ፣ የለኝም ማለት ስላፈርኩ፣ በክሬዲት ካርድ ጥሬ ገንዘብ አውጥቼ ላክሁ። ወለዱን ጨምሬ ከፍዬ የጨረስኩት የበኩር ልጇ ዳዴ ማለት ሲጀምር ነው። እኅቴ ይህን ያወቀችው ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ «ብትነግረኝ ኖሮ አንድ በሬ እንቀንስ ነበር» ብላ ወቀሰችኝ። የአገር ቤት ሰው ክፉ ስለሆነ አይጠይቅም፤ ያለዎትን ስለማያውቅ ይጠይቃል። የደመወዝ ወረቀትዎን፣ የቤት ኪራይዎንና የኢንሹራንስዎን ደረሰኝ ፎቶ አንሥተው ከቤተሰቡ መካከል ቃሉ ለሚሰማ ለአንድ ሰው፣ ለታላቅ ወንድም ወይም ለአክስት፣ ይላኩ። የወሩ መላኪያ ከአሁን ጀምሮ እርስዎ እስከሚወስኑት ቀን ድረስ 300 ዶላር እንደሚሆን፣ ለሕመምና ለሐዘን የሚሆን ለብቻው እንደሚያስቀምጡ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ጥያቄ ሁሉ በዚሁ ሰው በኩል እንዲያልፍ ይንገሯቸው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የኑሮ ውድነቱን ሳልዘነጋ፣ ዛሬ 300 ዶላር ሲመነዘር ቀድሞ 500 ዶላር ያወጣ ከነበረው የሚበልጥ ብር መሆኑ እውነት ነው፤ ለቤተሰብም በዚህ ቋንቋ ሊነገር ይችላል። ሲልኩ ደግሞ ከባንክ ሒሳብዎ ወይም ከዴቢት ካርድዎ ይላኩ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደርና በካሺየር ቼክ በሚከፈል ሐዋላ ላይ የአንድ በመቶ የፌዴራል ግብር አለ።

ስልኩም ሰዓት አለው። በብርዱ ወራት በእናንተና በደሴ መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ሰዓት ነው፤ በማርች ሁለተኛው እሑድ እዚህ ሰዓት ሲቀየር ሰባት ይሆናል። እናትዎ ከራት በኋላ በአገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሲደውሉ እርስዎ ዘንድ እኩለ ቀን ነው፤ ይኸውም ከአምስቱ የእንቅልፍ ሰዓትዎ መካከለኛው ነው። እርስዎ ከሥራ ወጥተው በአሜሪካው አቆጣጠር ጠዋት 8፡00 ቤት ሲገቡ ግን ደሴ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ነው፤ ቡና የሚፈላበት። በዚያ ሰዓት እርስዎ ይደውሉ፤ ከተኙ በኋላ ስልኩ እንዲዘጋ ያድርጉ። የሌሊት ሠራተኛ የቀን እንቅልፍ እንደ ሌሊት እንቅልፍ መከበር እንዳለበት ቤተሰብ በአንድ ጊዜ አይረዳም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መናገር ያስፈልጋል።

አለቃዎ «አትናገሪም» ማለቷን ከሁሉ በላይ ላተኩርበት የምፈልገው፣ የእርስዎ የወደፊት ሙያ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ስለሆነ ነው። እኛ ዝምታን ጨዋነት፣ ዓይን መስበርን አክብሮት አድርገን አድገናል። ሽማግሌ ሲናገር አናቋርጥም፤ ያልገባንንም በኋላ ከጓደኛ እንጠይቃለን። በመጦሪያ ውስጥ ዝም ያለ ሠራተኛ ግን በሁለት መንገድ ብቻ ይተረጎማል፦ ወይ አልገባውም፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ። ሁለቱም ለታካሚ አደጋ ናቸውና አለቃዎ የነገረችዎ ስለ ጠባይዎ ሳይሆን ስለ ታካሚ ደኅንነት እንደሆነ አድርገው ይውሰዱት። «እሺ» ማለትም ችግር ያመጣል። በእኛ «እሺ» ውስጥ ሰምቻለሁ፣ አክብሬያለሁ፣ አስብበታለሁ የሚሉት ሁሉ ይገባሉ፤ በእነሱ ግን «አደርገዋለሁ» ማለት ብቻ ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን አዎ የምንለውን ነገርማ ተዉት፤ አንዲት የቡድን መሪ ከሐበሻ ሠራተኛዋ ጋር ባወራች ቁጥር «ምን አስደነገጠሽ?» እያለች ለሳምንታት ስትጨነቅ አይቻለሁ።

መድኃኒቱ ብዙ ማውራት አይደለም። በሺፍት ርክክብ ላይ በየሌሊቱ አንድ ነገር ይናገሩ፤ አንድ ብቻ። በሕክምናው ዓለም ኤስ ባር የሚባል፣ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የተወሰደ የአነጋገር ሥርዓት አለ፤ ሁኔታው ምንድን ነው፣ ከዚህ በፊት እንዴት ነበር፣ እኔ ምን አየሁ፣ ምን ቢደረግ ይሻላል የሚሉትን አራቱን በቅደም ተከተል መናገር ነው። ለምሳሌ «የ12ኛው ክፍል አዛውንት ዛሬ ከትናንት ይልቅ ግራ ተጋብተዋል፤ ከሌሊቱ 3፡00 ወዲህ ውኃ አልወሰዱም፤ ሽንታቸውም ጠቁሯል፤ እባክዎ ቢያዩልኝ» ማለት። የዘጠኝ ዓመት ነርስ ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልጋትም፤ ነገር ግን አሁን ያሉበት የረዳትነት ሥራ ምርመራና መድኃኒት ስለማይፈቅድ ያዩትን ተናግረው ውሳኔውን ለቻርጅ ነርሷ፣ ለሺፍቱ ኃላፊ፣ ይተዉ። አረፍተ ነገሩን ከሥራ በፊት በእንግሊዝኛ ጽፈው፣ በአውቶቡስ ውስጥ ከንፈርዎን እያንቀሳቀሱ ይለማመዱት። ትእዛዝ ሲሰጥዎም «እንደገባኝ ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ» ማለትን ልማድ ያድርጉ። ይህ በእኛ አገር ድፍረት ይመስላል፣ እዚህ ግን የጠንቃቃ ሠራተኛ ምልክት ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ አለቃዎን «በግምገማው ከነገሩኝ ወዲህ ለውጥ አይተዋል?» ብለው ራስዎ ይጠይቋት። ይህች ሴት ነገ ለነርስነት ሥራ ሲያመለክቱ የምትጠየቅ ሰው ናት።

የገናውን ነገር በተመለከተ፣ ታኅሣሥ 29 በእነሱ ካሌንደር ላይ ተራ የሥራ ቀን ነውና ማንም አስታውሶ አይሰጥዎም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ባለው የዜጎች መብት ሕግ ከባድ ጫና ካልፈጠረበት በቀር 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ለሠራተኛው ሃይማኖታዊ ጥያቄ ማመቻቸት አለበት፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2023 በሰጠው ውሳኔ ለቀጣሪው እምቢ ማለትን ቀድሞ ከነበረው አክብዶበታል። ነገር ግን ሕግ ከመጥቀስ በፊት ከአንድ ወር አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅና በምትኩ የእነሱን ገና፣ ዲሴምበር 25ን፣ ልሥራ ማለት ያዋጣል። በዚያ ቀን ሥራ ልግባ የሚል ሐበሻ በየመጦሪያው የተወደደ ነው። የሕመም ፈቃድም አለዎት፤ ሜሪላንድ ውስጥ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ለእያንዳንዱ 30 የሥራ ሰዓት አንድ ሰዓት የሚከፈልበት ፈቃድ፣ በዓመት እስከ 40 ሰዓት ድረስ፣ ይሰጣል። ልጅ ሲታመምም ይሠራል።

ልጅዎ እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ አምስት ዓመት የሚሞላት ከሆነ በዚህ ዓመት ሙሉ ቀን በነፃ መዋዕለ ሕፃናት ትገባለች፤ ምዝገባው ትምህርት ከመከፈቱ ከወራት አስቀድሞ ስለሚጀምር አሁኑኑ ወደ ሰፈርዎ ትምህርት ቤት ይሂዱ። የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ደብዳቤዎቻቸውን ወደ አማርኛም ይተረጉማሉ፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ያን ጊዜ በር ላይ የሚደረገው ርክክብ ይቀንሳል። እስከዚያው ከሱቁ የተመለሰው እሑድ የሦስታችሁ ይሁን። ባለቤትዎ ስለ ራሳቸው ምንም እንዳላሉ ከጽሑፍዎ አስተውያለሁ፤ ትናንት ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ጋሼ» የሚለው መምህር፣ ዛሬ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ስሙን ሳይጠራው ወርዶ ሲሄድ ምን እንደሚሰማው ይጠይቋቸው። ብዙ ጊዜ የሚጠይቃቸው የለም።

ስለ ማኅበራችን በአጭሩ፦ ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ ዕድሩም እዚህ አሉ፤ ልጅ የሚይዝ ሰው፣ የሚከራይ ክፍል፣ የሐዘን ቀን ደራሽ የሚገኘው ከእነሱ ነው። በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው፣ አዲስ መጤዎችን የሚረዳው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት አለ። የሥራና የትምህርት ምክር ግን ቡና ላይ ከሚወራው አይውሰዱ። «እዚህ የአገር ቤት ዲግሪ አይሠራም፣ ከዜሮ ጀምሪ» ያሉዎት ሰዎች ክፋት አላሰቡም፤ አብዛኞቹ ግን ማስረጃቸውን ለግምገማ ልከው አያውቁም።

አንድ ነገር ለይተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። ናፍቆት ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ከእናት ጋር ሲያወሩ ይቀልላል፣ ልጅ ስትስቅ ይረሳል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳይለቅ የሚቆይ፣ በልጅዎ ሣቅም የማይነካ፣ የምግብ ፍላጎትን የዘጋ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ የሚያመጣ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ነርስ ነዎትና ስሙን ያውቁታል። በመጦሪያው በሙሉ ሰዓት ስለሚሠሩ የጤና ኢንሹራንስ ይኖርዎት እንደሆነ ያረጋግጡ፤ ከሌለም በገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ። የሚያስጨንቅ ሌሊት ሲመጣ 988 ይደውሉ፤ በማንኛውም ሰዓት ይነሣል፣ አስተርጓሚም ያቀርባል።

«ብመለስ ይሻላል?» ብለዋል። መመለስ ነውር አይደለም፤ ተመልሰው በደህና የሚኖሩ ሰዎች አውቃለሁ። የምለው በፌብሩዋሪ፣ በአምስት ሰዓት እንቅልፍ ላይ ሆነው አይወስኑ ነው። ለጉብኝት ከሄዱ ከስድስት ወር በታች ያድርጉት፤ ከዚያ ካለፈ ለዜግነት የሚቆጠረው ጊዜ ጥያቄ ይነሣበታል። ያለ ቅድመ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆዩ ግሪን ካርዱን ሊያጡ ይችላሉ፤ እስከ ሁለት ዓመት የሚያቆየው የመመለሻ ፈቃድ የሚጠየቀውም አሜሪካ ውስጥ ሳሉ ነው። የነርስነት ማስረጃዎ ተገምግሞ ውጤቱ እጅዎ ከገባ በኋላ ያን ጊዜም መመለስ ከፈለጉ፣ አውቀው የመረጡት ይሆናል።

እንግዲህ የማብቂያው ቀን የሚጻፈው እዚህ ላይ ነው። በሜሪላንድ የተመዘገበ ነርስ ለመሆን በውጭ የተማረ ሰው ማስረጃውን ያስገመግማል፣ የእንግሊዝኛ ችሎታውን ያሳያል፣ ከዚያም ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና ይወስዳል። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥና ለተፈታኙ ችሎታ ጥያቄውን የሚያስተካክል ነው፤ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ይቆያል። የስቴቱን የነርሶች ቦርድ መስፈርት ከቦርዱ ገጽ ራስዎ ያንብቡ፤ መስፈርት ይለዋወጣል። ግምገማው የጎደለ ኮርስ ካሳየ፣ ለምሳሌ በሥነ አእምሮ ነርሲንግ፣ ያንን ብቻ መሙላት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ አራት ዓመት እንደገና ለመማር ከመመዝገብዎ በፊት ይህን ማወቅ ይገባል። በዚሁ በካውንቲያችሁ በውጭ አገር የሠለጠኑ የጤና ባለሙያዎችን ወደ ሙያቸው ለመመለስ የሚረዳ ዌልካም ባክ ሴንተር የሚባል ማዕከል አለ፤ መጀመሪያ ወደዚያ ይሂዱ። ፈተናው ሲያልፍ የነርስ ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ ከረዳቷ እጥፍ ነው፤ የሱቁን 16 ሰዓት ከዚህ ጋር ያነጻጽሩት።

ጊዜ የሚበላው ፈተናው አይምሰልዎ፤ ወረቀቱ ነው። ገምጋሚው ድርጅት ከእርስዎ እጅ የሚደርሰውን ትራንስክሪፕት አይቀበልም፤ ኮሌጁ ራሱ፣ የሙያ ፈቃድ የሰጠዎትም አካል ራሱ፣ በቀጥታ እንዲልኩለት ይፈልጋል። ስለዚህ ደሴ ላይ ሬጅስትራር ቢሮ ደጋግሞ የሚመላለስ፣ የማይሰለች አንድ ሰው ያስፈልግዎታል፤ ከ500ው ላይ የቀነሱትን 200 ዶላር በመጀመሪያው ወር ለዚህ ሰው መመላለሻ ቢያውሉት አልቃወምም። ውክልና ከተጠየቁ በዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን በኩል ይሠራል።

ጥያቄውን ሲጽፉ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ስምዎ በፓስፖርቱና በዲፕሎማው ላይ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ «ፅጌ» የሚለውን ስም ሦስት ቢሮ በሦስት ዓይነት ሊጽፈው ይችላል። ካልተመሳሰለ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከኮሌጁ አብሮ እንዲወጣ ይጠይቁ። ሌላው ዘመኑ ነው። በ2006 ዓ.ም. ተመርቀው ከሆነ ኮሌጁ 2014 እ.ኤ.አ. ብሎ በግልጽ ይጻፍ። እኔ ያገዝኳት አንዲት እኅት ፋይሏ ለወራት ታግዶ ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ የልደት ዘመኗ በፈረንጅ፣ የምረቃዋ ዘመን በእኛ ተጽፎ ገምጋሚው በ13 ዓመቷ የተመረቀች ነርስ አግኝቶ ግራ ገብቶት ነበር።